ድንገተኛ ስጦታው ደንበኛ ሲያስቀይም፦ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ስጦታ እንሰጣለን ብለው ደንበኛ ያስቀየሙ ካፌዎችና ሱቆች እየጠሩኝ ብዙ አይቻለሁ። ቡናችሁ ቀጥኖ ወይም አስተናጋጃችሁ ተኮሳትሮ ሰው የሸሸ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። እዚህ የማወራው ቤቱ ደህና ሆኖ ስጦታው ብቻ ስለተበላሸበት ነው።

ምልክት፦ ደንበኛው ስጦታውን "የታለ?" ብሎ ይጠይቃል። ሲያጣ ያኮርፋል።

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ላዘዘ ሁሉ ቦምቦሊኖ በነጻ ይሰጥ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰው ፊት በራ። በአራተኛው ማንም አላመሰገነም። በሁለተኛው ወር ደንበኛው ገና ሳይቀመጥ "ሻይ፣ ከነቦምቦሊኖው" ማለት ጀመረ። ከዚያ ዘይት ተወደደና ባለቤቷ ስጦታውን አቆመች። ሻዩ ያው ሻይ፣ ዋጋውም ያው ዋጋ ነው። ሰው ግን የተሰረቀ ያህል ተቆጣ። አንድ የዘወትር ደንበኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ "ምን አጠፋን?" ብለው ተነስተው ሄዱ። ባለቤቷ ይህን ስትነግረኝ ዕንባዋ መጥቶ ነበር።

መንስኤ፦ ቀኑም ዕቃውም ከታወቀ ስጦታ መሆኑ ይቀራል፤ ደሞዝ ይሆናል። ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ይህን በጦጣዎች አንጎል ያሳያል። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ጠብ ሲልላት ዶፓሚን (በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) የሚያመነጩት ሴሎች ይነቃሉ። ምልክት አይታ ጭማቂው እንደሚመጣ ከለመደች በኋላ ግን ሲመጣላት ሴሎቹ ምንም አይሉም። የጠበቀችው ሲቀርባት ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ካፌው ውስጥ ያየሁት ኩርፊያ ይኸው ነው።

ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋን እናት አስቧት። "መርቂልኝ" ብላችሁ ተከራክራችሁ የወሰዳችሁት ምራቂ ከዋጋው እኩል ይቆጠራል፤ ቤት ሳትደርሱ ትረሱታላችሁ። ዘንቢላችሁን አንስታችሁ ዞር ካላችሁ በኋላ ጠርታ የምትጨምርላችሁ ሁለት ራስ ሽንኩርት ግን እራት ላይ ይወራል።

መፍትሄ፦ በመጀመሪያ ቁርጡን ተናገሩ። "እስከዚህ ቅዳሜ ነበር፤ እናመሰግናለን" በሉ። ድምፅ ሳታሰሙ አታቁሙ! ከዚያ ቢያንስ ሁለት ወር ዝም በሉ፤ ልማዱ ይረሳ።

ስትመለሱ ቀን አትምረጡ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 30 ቁጥር ጽፌ ወረቀቶቹን እጠቀልልና ቆርቆሮ ውስጥ እከታለሁ። ሃያ ያህል ባዶ ወረቀትም እጨምራለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጠዋት ሁለት ታወጣለች። 7 እና 22 ከወጡ የዕለቱ 7ኛና 22ኛ ሒሳብ ከፋይ ይጋበዛል። ባዶ ከወጣ ያን ቀን ስጦታ የለም። ማታ ወረቀቶቹ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳሉ። ዕቃውንም ቀያይሩ፤ አንድ ቀን ሻይ፣ ሌላ ቀን የምሳው ግማሽ ሒሳብ።

ቁጥሩን ከገንዘብ ተቀባይዋ በቀር ማንም እንዳያውቅ። አስተናጋጅ ካወቀ ለጓደኛው ነው የሚደርሰው። ይህን ደጋግሜ ተናግሬ የማይሰማኝ ቤት አለ። ቡሬ ላይ አንድ ምግብ ቤት በወር ውስጥ የተጋበዙት ሁሉ የአንድ አስተናጋጅ የሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ። አጠገባቸው ተቀምጦ ያየ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም።

መስኮት ላይም "ይግዙ፣ ይሸለሙ" ብላችሁ አትለጥፉ። ድንገተኛነቱ እዚያው ይሞታል። የዕጣ ቁጥር ለደንበኛ የምታድሉ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ደንበኛው "እኔ አላዘዝኩም" ብሎ ይመልሳል።

ሒሳብ የሚጨመርበት መስሎት ነው። ሳህኑ ጠረጴዛ ሳይነካ "የቤቱ ግብዣ ነው" በሉት።

ምልክት፦ ስጦታው ሳይነካ ይቀራል።

ቀኑን እዩ! ረቡዕ ማኪያቶ፣ ዓርብ ክሬም ኬክ የሚጋብዝ ቤት አጋጥሞኛል። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ማን እንደሚጾም ስለማታውቁ በጾም ቀን የጾም ነገር ስጡ፤ የማይጾመውም ይበላዋል።

ምልክት፦ ስጦታው በር ላይ ተጥሎ ይገኛል።

መንስኤው ርካሽ ዕቃ ነው። የማይጽፍ እስክሪብቶ፣ አንዴ ሲታጠብ የሚጨማደድ ኮፍያ። ፍኖተ ሰላም አንድ ሱቅ ስሙን ያሳተመበት የቁልፍ መያዣ ቀለበቱ በሳምንቱ ተላቀቀ። አንዲት ደንበኛ የቤቷን ቁልፍ ጥላ ልጆቿን ይዛ ደጅ አመሸች። በማግስቱ መያዣውን ባንኮኒው ላይ ወርውራው ሄደች። ስማችሁን ለምን የሚሰበር ነገር ላይ ትጽፋላችሁ? ከምትሸጡት ስጡ። ባልትና ቤት ከሆናችሁ ሩብ ኪሎ ሽሮ ይበቃል፤ ሽሮው ግን ለሽያጭ ከምታቀርቡት ይሁን፣ ከከረመው አይሁን።

ምልክት፦ የማኅተም ካርዱ (በገዙ ቁጥር ማኅተም የሚመታበት፣ ሲሞላ ስጦታ የሚያስገኘው) ሳይሞላ ይጠፋል።

መንገዱ ረዝሞበት ነው። ኑኔስና ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የመኪና እጥበት ሙከራ፣ 8 ባዶ ቦታ ያለው ካርድ ከተሰጣቸው 19 በመቶው ሞሉት። 10 ቦታ ኖሮት 2ቱ ቀድመው የተመቱበት ካርድ ከደረሳቸው ግን 34 በመቶው ሞሉት። የቀረው እጥበት ለሁለቱም 8 ነው። እናንተም ሁለት መትታችሁ ስጡ። መሃል ላይ ደግሞ ሳይጠብቅ በአንድ ቡና ሁለት ማኅተም ምቱለት። ለሁሉም 5ኛው ላይ ግን አትምቱ፤ ለአንዱ 4ኛው፣ ለሌላው 7ኛው ላይ ይሁን።