አንድን ቁጥር የፖሊሲ መሠረት ከማድረግዎ በፊት እንዴት እንደሚመረምሩት

ረቂቅ ፖሊሲ ውስጥ የገባ ቁጥር ብዙ ጊዜ ክርክር ይዘጋል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት።

መጀመሪያ ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ምን ሊፈቀድ፣ ምን ሊከለከል ነው? ለዚህ ጥያቄ የማይጠቅም ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ ይውጣ።

ቀጥሎ «ከስንት ሰው ስንቱ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ መዝለል ሕዝብን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። አባባሉ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን «እጥፍ» የተባለው ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያሰጋ የነበረው አደጋ ሁለቱን የሚያሰጋ መሆኑ ነበር። ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ደግሞ ራሱ ከእንክብሉ የባሰ ደም የማርጋት አደጋ አለው! ስለዚህ ዕድገቱን በመቶኛ ሲጽፉ መነሻውን ቁጥር ከጎኑ ያስፍሩ።

ግምት ከሆነ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ወሰን ይያዙ። በሁለቱም ውሳኔው ካልተለወጠ በመካከል ባለው ነጥብ ላይ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚያ ጥሬ መረጃውንና ስሌቱን ያስመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ኢኮኖሚስቶች የመንግሥት ዕዳቸው ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ ሀገራት አማካይ የኢኮኖሚ ዕድገት ከዜሮ በታች፣ ማለትም -0.1 በመቶ ነው አሉ፤ የወጪ ቅነሳ ደጋፊዎችም ደጋግመው ጠቀሱት። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የስሌት ሰንጠረዡን ተቀብሎ ሲመረምር አምስት ሀገራት ከቀመሩ ውጭ ቀርተው አገኘ። እርሱና መምህራኑ ይህንንና ሌሎች ችግሮችን አስተካክለው ሲያሰሉ አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ።

በመጨረሻ ስሌቱ ውስጥ የተሸሸገ የእሴት ምርጫ ካለ ያውጡት። ከ50 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ100 ሚሊዮን ብር ጉዳት የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ በዓመት 7 በመቶ ተቀናሽ ሲሰላ ዛሬ 3.4 ሚሊዮን ብር ብቻ ይሆናል፤ በ2 በመቶ ግን 37 ሚሊዮን። የትኛው ይወሰድ የሚለው ለልጅ ልጆቻችን ምን ያህል እንደምንጨነቅ የሚጠይቅ ነውና የሒሳብ ባለሙያ ብቻውን ሊመልሰው አይገባም። ሁለቱንም ውጤቶች ጎን ለጎን አስፍረው ለወሳኞቹም ለሕዝቡም በግልጽ ያቅርቡ።