ወፉ ቆንጆ፣ ፎቶው አያምርም? መጀመሪያ ወፉ የሚያርፍበትን እንጨት ቦታ ቀይሩ

መመገቢያው ተሰቅሏል፣ ወፎቹም ለምደውታል። ሌንሱ ተጠርጓል፣ ባትሪው ሞልቷል። ፎቶው ግን እንቢ ብሏል። ችግሩን ከምልክቱ እንነሳ።

ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ወፉ ብዥ ካለ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ) ዘግይቷል። ትንሽ ወፍ ቁጭ ብሎም ጭንቅላቱ አያርፍም። ከ1/1000 ሰከንድ ጀምሩ፤ ተነስቶ ሲበር ለመያዝ 1/2000 እና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ለዚህም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጉ። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፉን እንቅስቃሴ አያቆምም። አይኤስኦው ከፍ ሲል ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ በኋላ ይስተካከላል፤ ብዥ ያለ ዓይን ግን አይመለስም።

ሁሉም ነገር ብዥ ካለ፣ በመስታወት ውስጥ እያነሳችሁ ይሆናል፣ ወይም ሌንሱ ላይ ርካሽ ፊልተር ይኖራል። ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠጉትና ፊት ለፊት ይመልከት፤ በሰያፍ አታንሱ። ፊልተሩን አውልቁት! በስንት ገንዘብ በተገዛ ሌንስ ላይ የማይረባ መስታወት ጠምዝዞ «ሌንሴ ተበላሸ» ማለት ያናድዳል።

ነጭ ላባ ዝርዝሩ እስኪጠፋ ከነጣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን መጠን) ቀንሱ፤ ጥቁር ወፍ ላይ ጨምሩ።

አሁን ሁሌ የሚገጥመኝ፦ ወፉ ጥርት ብሏል፣ ከኋላው ግን አጥር፣ ሽቦና ቅጠል ተዘበራርቆ ወፉን ውጦታል። ሰው ወዲያው ሌንስ ልቀይር ይላል። አንድ ወዳጄ ቀየረም። የድሮው ሌንስ ያሳየውን አጥር አዲሱም አሳየው። እንጨቱ የቆመው ከአጥሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ እዚያ ሆኖ የትኛው ሌንስ ነው አጥሩን የሚደብቀው? እንጨቱን ነቅለን ወደ ግቢው መሃል፣ ከአጥሩ ስድስት ሜትር ያህል አራቅነው። በድሮው ሌንስ አነሳን። አጥሩ ድራሹ ጠፋ፤ ለስላሳ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ቀረ።

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። እናንተ ለወፉ ቅረቡ፣ የፎቶው ጀርባ ከወፉ ይራቅ። አራት ሜትር ላይ ከተቀመጣችሁ ከወፉ ኋላ ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል ስምንት ሜትር ባዶ ይሁን። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 አካባቢ ይቆይ፤ ቀዳዳውን አጥብባችሁ ወደ ኤፍ 11 ስትሄዱ የሸሸው አጥር ተመልሶ ይመጣል።

ቁመቱንም አትርሱ። አንዲት ጎረቤቴ ቦታው ሰፊ ሆኖ ጀርባው አልጠፋ አላት። ቆማ ወደ ታች ታነሳ ስለነበር ከወፉ ኋላ የሚታየው ቅርቡ መሬት ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ካሜራውን በወፉ ዓይን ልክ ስታደርገው ጀርባው ሩቆቹ ዛፎች ሆኑ።

እንጨቱ ራሱ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ይሁን፤ ከመመገቢያው ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ወፎቹ ተራ ሲጠብቁ እዚያ ያርፋሉ፣ መመገቢያውም ፎቶው ውስጥ አይገባም። ወፍ እንጨት የሚጨብጠው አቋርጦ ነው። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ከተጋደመ ወይ ደረቱን ወይ ጀርባውን ይሰጣችኋል። ጎኑን ከፈለጋችሁ የእንጨቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩት። ዓይኑ ሕይወት ከሌለው ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል።

እንጨቱ ላይ ማጣበቂያ አትቀቡ። ወፍን አጣብቆ ማንሳት ጭካኔ ነው። መመገቢያውን ከመስኮት ወይ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ስቀሉት፣ ወይ ከዘጠኝ ሜትር በላይ አርቁት፤ መሃሉ ላይ ወፎቹ በፍጥነት ከመስታወቱ ጋር ይጋጫሉ።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ፦ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ስትጠጉት የማይሸሽ ወፍ። «ተላመደኝ» ብላችሁ ማንሳቱን አትቀጥሉ፤ ታሞ ይሆናል። መመገቢያውን አውርዱ፣ እጠቡት፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት፣ አለቅልቃችሁ በደንብ አድርቁት። ወፎቹ እንዲበተኑ ቶሎ መልሳችሁ አትስቀሉ።