ስልባቦትን ማኮምጠጥና ለምግብ ማዋል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓዳ

የኮመጠጠ ክሬም የሚባለው፣ ከወተት ላይ የተገፈፈ ስልባቦት በእርጎ እርሾ ኮምጥጦና ረግቶ የሚገኝ ወፍራም ነጭ የወተት ውጤት ነው። ሩሲያውያን ስሜታና ይሉታል፤ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተመለሱ ሰዎችም ስሙን በዚሁ ያውቁታል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጥ ክሬም ቢያንስ 18 በመቶ ቅባት ሊኖረው ይገባል፤ ፈረንሳዮች ክሬም ፍሬሽ የሚሉት ዘመዱ ደግሞ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ቅባት ይይዛል። ለእኛ ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ወተቱን እንዳለ አርግተው እርጎ ያደርጉታል፣ እርጎውን በቅል ንጠው ቅቤውን ያወጣሉ፣ ከአሬራውም አይብ ይሠራሉ። እዚህ ላይ የሚለየው ስልባቦቱ አስቀድሞ ተገፍፎ ለብቻው እንዲረጋ መደረጉና ሥራው ከመናጡ በፊት መቆሙ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው፤ ሲያረጋ በሰዓት ቆጠራ ይመራል፣ ሲያበስል ደግሞ ከእሳት አያወጣውም። የመጀመሪያው ስሕተት በእኛ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ደሴ ከጦሳ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሐረጎን ወርደው የሚደርሱባት ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር ብዙም ያልራቀ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ አጭር ቢሆንም፣ ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይይዛል። አንድ የምግብ መጽሐፍ «ለ12 ሰዓታት ያስቀምጡ» ብሎ ሲያዝ፣ ለየትኛው ጓዳ እንደሚናገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስልባቦቱን ማግኘት

ከሁሉ የሚሻለው በዕለቱ የታለበ ወተት ነው። የአገር ላም ወተት መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ከፈረንጅ ላም ወተት የበለጠ ቅባት ስላለው፣ የሚገኝ ከሆነ እሱን መምረጥ ይገባል። በፋብሪካ ቅባቱ ከወተቱ ጋር እንዲዋሐድ የተደረገ የካርቶን ወተት ቢያድርም ስልባቦት አይወጣውም፤ የዱቄት ወተትም እንዲሁ። በጾም ወራት፣ በተለይም በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ወተት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ስለሚተርፍ ለዚህ ሥራ የሚመች ወቅት ነው።

5 ሊትር ያህል ወተት በጥሩ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው አፈ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገልብጡና ከድነው ሳያንቀሳቅሱ ያሳድሩት። ደሴ ላይ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ማሳደር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ ስልባቦቱ ሳይወጣ ወተቱ ራሱ ሊረጋ ይችላል። ጠዋት ከላይ የሰፈረውን ቢጫ ቀመስ ወፍራም ክፍል በጭልፋ ቀስ ብለው ይግፈፉት። በእኔ ልምድ ከዚህ መጠን ግማሽ ሊትር የሚሆን ስልባቦት ይገኛል። ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ ማሳደርም ይቻላል፤ ነገር ግን የፈላ ወተት ስልባቦቱ ዘግይቶ ስለሚወጣ የሚገፈፈው ያነሰ ይሆናል። ሥር የቀረውን ወተት አፍልቶ ለሻይ ወይም ለእርጎ ማዋል ነው።

ጥሬ ስልባቦት እንዳለ ሊረጋ አይገባም። እንደ ብሩሴላ ያሉ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በጥሬ ወተት ይመጣሉ፣ መኮምጠጡም ብቻውን ለመግደላቸው ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ስልባቦቱን ወፍራም ታች ባለው ድስት ውስጥ አድርገው በለዘብተኛ እሳት እያማሰሉ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ እስኪታይ ድረስ ያሙቁት፤ ከዚያም እሳቱን በጣም ቀንሰው ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። እንዲንተከተክ መተው ግን ቅባቱ ቀልጦ ዘይት ሆኖ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል።

ማርጋት

ስልባቦቱ በንጹሕ የተታጠበ ጣት ሲነኩት ለብ የሚል ብቻ እስኪሆን ይብረድ። ለግማሽ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ትኩስ እርጎ በቂ ነው፤ እርጎውም ከተፈላ ወተት የተሠራና ጠረኑ ንጹሕ የሆነ መሆን አለበት። እርጎውን በትንሽ ስልባቦት አቅጥነው ከሌላው ጋር ያዋሕዱት። በፋብሪካ የታሸገና ስኳር የሌለው እርጎም እርሾ መሆን ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የሚወዱ ስለሆኑ በደሴ ብርድ ይለግማሉ። የቤት እርጎ ባክቴሪያዎች በተራ የክፍል ሙቀት መሥራት የለመዱ በመሆናቸው ለዚህ ሥራ ይመረጣሉ። የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ሲበዛም ኬዝን የተባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና ስልባቦቱ ይረጋል።

ተስማሚው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። በኮምቦልቻ ሞቃት ወራት ማታ የተቀመጠ ስልባቦት ጠዋት ተነሥተው ሲያዩት ረግቶ ሊገኝ ይችላል። በደሴ ግን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደሴ ላይ ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ከቀረ ምድጃ አጠገብ ማኖር ይረዳል፤ ምድጃው ላይ ማስቀመጥ ግን ከሥር ያበስለዋል። ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ከመስኮት ራቅ ወዳለ ወለል ማውረድ ይበጃል፤ ሙቀት የበዛበት ስልባቦት ቶሎ ይኮመጥጥና አጓቱ ተለይቶ ከላይ ይተኛል።

መድረሱን የሚያሳውቀው ዕቃው ራሱ ነው። ጎኑን ሲያዘነብሉት እንደ ውሃ የማይፈስ፣ አንድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ማንኪያ ሲገባበትም ጉድጓዱ ወዲያው የማይሞላ ከሆነ ረግቷል። ጠረኑ እንደ ጥሩ እርጎ ንጹሕ ጎምዛዛ መሆን አለበት። መራራ ጣዕም፣ የጋዝ አረፋ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየበት ሙሉውን መድፋት ይገባል፤ ሻጋታውን ከላይ አንሥቶ የቀረውን መብላት አይቻልም። የረጋውን ለአንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት የግድ ነው፤ ቅባቱ በቅዝቃዜ ሲጠነክር ክሬሙ የበለጠ ይወፍራል። 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ግን በትንሽ በትንሹ መሥራት ይሻላል።

ዕቃውን በወይራ ስለማጠን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የወይራ ጭስ ለስልባቦት የሚሰጠው መዓዛ ሌላ ነገር የማይተካው ነው፣ ወተትንም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ለዚያው ምክንያት በታጠነ ዕቃ ውስጥ ያለ ስልባቦት ለመርጋት ይዘገያል። ለሥጋ፣ ለድንችና ለገንፎ የታጠነው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለኬክ ከሆነ ግን ያልታጠነ ማሰሮ ይምረጡ፤ ጭስ የሸተተ ኬክ የሚወድ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከእሳት ጋር ማስማማት

መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት በሚንተከተክ የሥጋ ወጥ ውስጥ ሙሉውን ሳህን ገለበጥኩበት። በአንድ አፍታ ነጩ ነገር ተበጣጥሶ ፍርፍር ሆነ፣ ውሃውም ለብቻው ቀረ። አክስቴ በማማሰያው ጫፍ ነካ አድርገው አዩትና፣ «ልጄ፣ አይብ ልትሠሪ ነበር እንዴ? ከሆነማ ሥጋውን ለምን አስገባሽበት?» አሉኝ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛው ማብራሪያ እሱ ነበር፤ አሬራ ሲሞቅ አይብ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሲድ የተያያዘው ፕሮቲን ኃይለኛ ሙቀት ሲነካው ይጨመደድና የያዘውን ውሃ ይለቃል። ቅባት ሲበዛ ፕሮቲኑን ይከላከልለታል፤ ስለዚህም 30 በመቶና ከዚያ በላይ ቅባት ያለው ክሬም መፍላትን ሲችል፣ የእኛ የጓዳ ስልባቦት ከዚያ ስለሚያንስ አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሬሙን ከማቀዝቀዣ ቀደም ብለው ያውጡት፤ ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይምቱበት፤ ከወጡም ሁለት ሦስት ማንኪያ ትኩስ መረቅ እየጨመሩ ያለማምዱት። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አውርደው፣ መንተክተኩ ሲቆም ክሬሙን ይጨምሩና ያማስሉ። ዳግመኛ ማሞቅ ካስፈለገ እንፋሎት እስኪታይ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ከተያዘ፣ ስትሮጋኖፍ የሚባለውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ ምግብ በቤታችን ዕቃ መሥራት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ሰናፍጭ እንኳ ከእኛው ገበያ አይጠፋም። ግማሽ ኪሎ ለስላሳ የበሬ ሥጋ በቀጭኑ በረዥሙ ተቆርጦ፣ በጣም በጋለ መጥበሻ ላይ በጥቂት ቅቤ ቶሎ ቶሎ ይጠበስና ይውጣ። በዚያው መጥበሻ ሁለት ራስ ሽንኩርት በዝግታ ወርቃማ እስኪሆን ይቁላላ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ቀጥሎም አንድ ኩባያ የአጥንት መረቅ ይጨመርበትና እስኪወፍር ይብሰል። ሥጋው ይመለስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭና ቁንዶ በርበሬ ይግባ፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንድ ኩባያ የኮመጠጠ ክሬም ይዋሐደው። ከሩዝ ጋር ይቀርባል፤ በእንጀራም ቢበላ የሚከለክል የለም። ጨው መጨረሻ ላይ ይቀመስ፤ ክሬሙ በራሱ የጨው ፍላጎትን ይቀንሳል።

እሳት የማይነካው አጠቃቀም የበለጠ ቀላል ነው። የተቀቀለ ድንች ገና እንደሞቀ ተፈርክሶ፣ ክሬም፣ ጨውና በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያ ቢያርፍበት ራሱን የቻለ ምሳ ይሆናል። ገንፎ ላይ ቅቤና በርበሬው በመሐል ጉድጓዱ እንዳለ ሆኖ፣ ዙሪያውን በእርጎ ፋንታ የኮመጠጠ ክሬም ማድረግ ይቻላል፤ ከእርጎ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ አይፈስም። በረመዳን ለኢፍጣር ሳምቡሳ ሲቀርብ፣ ክሬሙን ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከድንብላል ቅጠል ጋር መትቶ እንደ ማጥቀሻ አጠገቡ ማኖር ነው። ሚጥሚጣ ለበዛበት ጥብስም ያገለግላል፤ ኬዝን የሚያቃጥለውን ቅመም ከምላስ ላይ ስለሚያነሣ ከውሃ ይልቅ ያበርዳል። ዶሮ ወጥ ውስጥ ግን ባይገባ እመርጣለሁ። በረዥም ቁሌት የመጣውን ጣዕም ያደበዝዘዋል፣ መልኩንም ያጠፋዋል።

ለኬክ የሚጠቅመው አሲዱም ቅባቱም ነው። ቅባቱ ኬኩን ያለሰልሰዋል፤ አሲዱ ደግሞ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ኬኩን የሚያነሣ ጋዝ ይፈጥራል። ለአንድ ኩባያ የኮመጠጠ ክሬም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይመጥናል፤ ከዚያ ከበለጠ የሳሙና ጣዕም ይመጣል። ሊጡ ከተዋሐደ በኋላ ጋዙ እንዳያመልጥ ሳይዘገይ ምድጃ ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ላይ የደሴ ከፍታ ዳግመኛ ይመጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ ጋዙ በኃይል ይለጠጣል፣ ኬኩም ፈጥኖ ተነሥቶ መሐሉ ይሰምጣል። ስለዚህ በባሕር ወለል አካባቢ ላሉ አንባቢዎች የተጻፈ መመሪያ የሚከተል የደሴ ሰው፣ የሚያስነሣውን ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል፣ ስኳሩንም ለአንድ ኩባያ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀንስ፤ የምድጃውን ሙቀት ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምር። ኮምቦልቻ ላይም ማስተካከል ያስፈልጋል፣ መጠኑ ግን ያንሳል።

ክሬሙ ከተፈለገው በላይ ከኮመጠጠ ወይም ማቀዝቀዣው ከጠፋ፣ ጠረኑ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የሚጣልበት ምክንያት የለም። ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ድረስ ሞልተው ይናጡት፤ ኮምቦልቻ ላይ ቅቤው እንዳይልም ጠርሙሱን አስቀድመው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ድምፁ ከመንቦጫረቅ ወደ መዳፈን፣ ከዚያም እንደገና ወደ መንቦጫረቅ ሲለወጥ ቅቤው ተለይቷል። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት፤ አሬራውንም በለዘብተኛ እሳት አሙቀው አይብ ያውጡለት። ከመናጥዎ በፊት ግን ለሚቀጥለው ስልባቦት እርሾ የሚሆን ሁለት ማንኪያ ክሬም ለይተው ያስቀምጡ፤ ጠረኑ የተለወጠ ዕለት በአዲስ እርጎ ይቀየራል።