የአደይ ዘር የሚለቀመው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው

በመስከረም ደሴ አጠገብ ካለው ከገራዶ ሜዳ አደይ ነቅለው ግቢያቸው የሚተክሉ ጎረቤቶች አሉኝ። ወዲያው ይጠወልግባቸዋል። አደይ የዓመት ተክል ነው፤ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ስለዚህ ዘሩን ፈልጉ።

ዘሩ የሚደርሰው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ዙሪያውን ያለው ቢጫው ዘር አይሰጥም፤ ዘር የሚይዘው መሃሉ ነው። እሱ ደርቆ ሲጠቁርና ሲነኩት ሲበተን፣ ጆንያ ከሥሩ ዘርግታችሁ አራግፉ። ሁሉንም አትውሰዱ፣ ሜዳውም ለከርሞ ዘር ይፈልጋል። ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥሩት። ፌስታል ያሻግተዋል።

እኛ ወሎዬዎች የምንሸወደው በበልግ ነው። መጋቢት ላይ ዘነበ ብላችሁ ከበተናችሁት ይበቅልና የግንቦት ፀሐይ ይጨርሰዋል። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ክረምቱ መግባቱ ሲታወቅ ዝሩት።

ቦታ ላይ ደሴ ጥሩ ናት። የእኔ ግቢ ታችኛው ጥግ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ ቄጠማም ይበቅልበታል። አደይን እዚያው ውሃው ውስጥ አልዘራውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ከቄጠማው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አፈሩ ረጥቦ ውሃው ግን የማይተኛበት ዳር ይመቸዋል። አፈሩን በመኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጉና ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑ፤ በስሱ አልብሱት። ፍግ አትጨምሩ፣ ቅጠሉ ይደልብና አበባው ይሳሳል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ፦ እናንተ ከእኛ ዝቅ ብላችሁ ቆላ ቢጤ ናችሁና አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አካባቢ ዝሩት፤ በነሐሴ ዝናቡ ካቋረጠም አጠጡት።

ሐምሌ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ቡቃያው ከጨጎጎት ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው። አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሉት፤ የአደይ ቅጠል ይበልጥ የተሰነጣጠቀ ነው። የጨጎጎቱን ዘር መቼም ቀሚስ ላይ ተጣብቆ ታውቁታላችሁ።

ለእንቁጣጣሽ ስትቆርጡ በመቀስ ይሁን፣ ሥሩ እንዳይነቀል፤ ከጎን ያለው ቅርንጫፍ እስከ መስቀል ያብባል። እኔ ለአበባየሆሽ ልጆች የሚሆነውን በመንገዱ በኩል፣ ለዘር የማስቀረውን አጥሩ ሥር እዘራለሁ።