እንጀራ የቀነሰ እራት፦ እሑድ አዘጋጅቶ በየምሽቱ ለማብሰል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት መላጥ ከተጀመረ እራት የሚቀርበው 3 ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያ የራበው ሰው ዳቦ ይቆርሳል፣ ቆሎ ይዘግናል፤ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬት ለምሽቱ የታሰበለት ልክ እራቱ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጥባለሁ፣ እከትፋለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ቁሌት አቁላላለሁ። ማታ የሚቀረው እሳቱ ብቻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

አሠራሩ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፤ ማታ መደረግ የሚገባውን እሑድ በማድረግ፣ ወይም እሑድ ማለቅ የነበረበትን ለማታ በመተው። ቀጥሎ ያሉት በራሴ ማእድ ቤትና በጎረቤቶቼ ቤት ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው።

ሐኪም ሳያማክሩ እንጀራውን በአንድ ቀን ማንሳት

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የማነሳው ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላሚድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነው ይበላው የነበረው ምግብ ታስቦ ነው። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ እንደነበረ ከቀጠለ የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብ ይምታታል፤ ሲብስም ራስን ያስታል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ እንጀራ ቀንሶ ሥጋ ከመጨመሩ በፊት መጠየቅ አለበት። ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ወደ ሐኪም መሄድ ይቀድማል።

ሁሉንም እሑድ አብስሎ መጨረስ

አምስት ድስት አብስሎ ፍሪጅ ውስጥ የደረደረ ሰው ሰኞ ደስ ይለዋል። ሐሙስ ግን ጎመኑ ጠቁሯል፣ ጥብሱ ደርቋል፣ ሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት ሽታ ይዟል። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ በደኅና የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ከዚህም በላይ እንጀራው የቀነሰበት ሰው ወጡ ካልጣፈጠው ምን ይቀረዋል? ትኩስነቱ ለእሱ ቅንጦት አይደለም፤ በአመጋገቡ እንዲጸና የሚያደርገው እሱ ነው።

በቁሌቱ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አስቀድሞ ከሚዘጋጀው ሁሉ ጊዜ የሚያተርፈው ቁሌት ነው፤ ስህተት የሚበዛውም በእሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የሽንኩርቱ መጠን ነው። በ100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ 9 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት የሚያቁላሉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ያ ወጥ ለስድስት ሰው ቢካፈል ከሽንኩርቱ ብቻ ለእያንዳንዱ 30 ግራም ይደርሰዋል። እኔ ለአራት ምሽት 1 ኪሎ አቁላላለሁ፤ በአራት እከፍለዋለሁ። አራት ስለሆንን ለአንድ ሰው በአንድ እራት 6 ግራም ገደማ ይሆናል። ሽንኩርቱ ሲቀንስ ወጡ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ሽሮ ወይም ዱቄት ነስንሶ ማወፈር የተቀነሰውን መልሶ ማስገባት ነው። ክዳኑን ከፍቶ እንዲንተከተክ መተው ይሻላል።

ሁለተኛው ቅቤውን እሑድ መጨመር ነው። በሚጾም ቤት ረቡዕና ዓርብ ቁሌቱ ከነቅቤው ሊበላ አይችልም፤ ለብቻው ሌላ ማቁላላት ይመጣል። በዘይት ብቻ ከተቁላላ ግን ለጾሙም ለፍስኩም ያገለግላል፤ የተነጠረው ቅቤ በፍስክ ምሽት ከምድጃው ላይ ይጨመራል። መከለሻም እንዲሁ ነው። የኮረሪማው መዓዛ ተፈጭቶ አራት ቀን ወጥ ውስጥ ሲቆይ ይጠፋል፤ ድስቱ ሊወርድ ሲል ሲገባ ግን ቤቱን ይሞላል። ጨውም ለማታ ይቆይ፣ ምክንያቱም አንዱ ምሽት ሥጋ ነው፣ ሌላው እንጉዳይ፤ የሚፈልጉት ጨው እኩል አይደለም።

የሰኞን፣ የማክሰኞንና የረቡዕን ቁሌት በየዕቃው ከፍዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አራተኛውን ፍሪዘር ውስጥ።

ሥጋውን በሙሉ በአንድ ዕቃ ማጨቅ

ከሥጋ ቤት የምንገዛው ሥጋ ብዙ ጊዜ ያልቀዘቀዘ ነው። ተከትፎ 3 ኪሎው በአንድ ሳህን ተከምሮ ፍሪጅ ሲገባ ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ግን ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ሽታ የሚያመጣው ያ ነው። በየምሽቱ ልክ ተከፍሎ፣ በስስ ፌስታል ተዘርግቶ፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢቀመጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፍሪዘር የገባውም እንደዚያ ከሆነ ቶሎ ይሟሟል።

ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም። የተፈጨ ሥጋ፣ ጥሬ ዶሮና ዓሣ በዚያ ቅዝቃዜ እንኳን የሚቆዩት ከ1 እስከ 2 ቀን ብቻ ነው። የምሽቶቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። በእኛ ቤት ሰኞ ዶሮ፣ ማክሰኞ የበሬ ጥብስ፣ ረቡዕ እንጉዳይ በጎመን ነው። የሐሙሱ ሥጋ እሑድ ፍሪዘር ይገባና ረቡዕ ማታ ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ እስከ ማታ ማቆየት አደገኛ ነው፤ ውስጡ በረዶ ሳለ ላዩ ተህዋስያን የሚራቡበት ሙቀት ላይ ይደርሳል።

ሎሚ እሑድ አይነካው። አሲዱ ሥጋውን ያገረጣዋል፣ ቀናት ሲቆይም ያበላሸዋል፤ ከማብሰል ግማሽ ሰዓት በፊት ይበቃዋል። ማታ ደግሞ ከመጥበሻው በፊት ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ ውሃ የተፋ ሥጋ በአንዴ መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በሁለት ዙር ይጠበስ፤ የጥብስ ቅጠሉና ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይግቡ።

ሽሮና ምስርን ከሥጋ እኩል መቁጠር

የሽምብራ ሽሮ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። የተቀቀለ ምስርም በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ገደማ አለው። አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ከዳቦ ይሻላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ልክ ይበላሉ ማለት አይደለም። ጥቁር ጤፍም ቢሆን ያው ነው፤ በማናቸውም የጤፍ ዱቄት ውስጥ በ100 ግራም 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ።

ይህ ስህተት በጾም ሰሞን ይከብዳል፣ በተለይ 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም። በእነዚያ ሳምንታት እሑድ ሽሮና ምስር ብቻ ያዘጋጀ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። እኔ ምስሩን እለካለሁ፤ ከጎኑ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶና እንጀራ ያልገባበት የተልባ ፍትፍት እጨምራለሁ። ጎጃም ያደገ ሰው ግብጦን ያውቀዋል። ስታርቹ እጅግ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ የሆነ እህል ነው። መራራው ንጥረ ነገር ግን ስለሚያሳምም፣ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ውሃው እየተቀየረ ለብዙ ቀናት መዘፍዘፍ አለበት፤ ለእሑድ እራት የታሰበ ግብጦ ቅዳሜ አይጀመርም። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ከግብጦ ይጠንቀቅ።

አትክልቱን እርጥብ አድርጎ መክደን

የሀበሻ ጎመን ታጥቦ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ከገባ በሦስተኛው ቀን ይቢጫል፣ ያሙለጨልጫል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ቆስጣ ለስላሳ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች ማለቅ አለበት። ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ተቆርጠው አራት ቀን ይቆያሉ። እንጉዳይ ሳይታጠብ በወረቀት ይቀመጥ። ቲማቲም ማታ ይከተፍ፤ ከዚያ በፊት ከተከተፈ ውሃ ይሆናል። በተከተፈ አትክልት ላይ እሑድ ጨው የሚነሰንስ ሰው ረቡዕ የሚያገኘው የጠወለገ አትክልት ነው። በአትክልት አልጫው ድንቹን በዝኩኒ እተካለሁ፤ ካሮቱን ለቀለሙ ያህል አስቀራለሁ።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት አድርጎ ውጭ ማስቀመጥ

ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ በዘይት ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ አየር በሌለበት ሊያድግ ይችላል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በትንንሽ ከፍሎ ፍሪዘር ውስጥ።

ወጡን አዘጋጅቶ በእንጀራው ቦታ የሚሆነውን መርሳት

ማታ ጥሩ ወጥ ደርሶ በምን እንደሚበላ ካልታሰበበት እጅ ወደ ሞሰቡ ይሄዳል። ጥቅል ጎመኑን ቅጠል በቅጠል እንለየዋለን፤ ማታ በፈላ ውሃ ለ1 ደቂቃ ሲነከር ይለሰልሳል፣ ወጥ ይዞ ይጠቀለላል። አበባ ጎመን ማታውኑ ተፈቅፍቆ በመጥበሻ ሲታመስ እንደ ሩዝ ይሆናል። አስቀድሞ ከተፈቀፈቀ ግን ሽታው ፍሪጁን ይሞላዋል።

የታመመውን ሰው ለብቻው ማቅረብ

በአንድ ወቅት ለእናቴ በተለየ ሳህን፣ በተለየ ሰዓት አቀርብላት ነበር። ምግቡ ትክክል ነበር፤ እሷ ግን ግማሹን ትተወው ጀመር። አሁን ሁላችንም ከአንድ ድስት እንበላለን። ለልጆቹ እንጀራ ይቀርባል፤ ለእሷ ሩብ እንጀራና የጎመን ቅጠሎች፣ በዚያው ትሪ ላይ ከፊቷ። ማዕዱ አንድ ስለሆነ ጉርሻም አልቀረም፤ የልጅ ልጇ በጎመን ቅጠል ጠቅልላ ታጎርሳታለች።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ደጋግሞ መክፈት

የአንድ ሳምንት ሥጋ ላዘጋጀ ቤት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ስለዚህ መብራት በጠፋ ምሽት በሩን አንድ ጊዜ ብቻ እከፍታለሁ። ዶሮው ወይም ዓሣው ካለ መጀመሪያ ይወጣል፣ በከሰል ምድጃ ይበስላል፤ ቁሌቱ ተራውን ይጠብቃል።