ፊላውን ተዉት፣ ፌስታሉን አውጡ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ለጽዳት የምትወጡ ወዳጆቼ፣ ማጭዱን ቤት አስቀምጡት። ጓንት፣ ቦቲ፣ ጆንያ፣ ረዘም ያለ ቀርከሃና መቀስ ይበቃችኋል።

አንድ ቅዳሜ ዳሩን እናሳምር ብለን ውሃው ጠርዝ ላይ የሚበቅለውን ረጅም ሣር፣ ፊላውን፣ አጨድነው። እኔም አጭጃለሁ። ውስጡ የወፍ ጎጆ ነበር፤ እንቁላሉ ጭቃው ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፊላ ቆሻሻ አይደለም። በጎርፍ የሚመጣውን ደለል ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ትንንሾቹ የቆሮሶ ዓሣዎችም የሚደበቁት እዚያው ነው። ሐይቁ ደግሞ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የገባ ፕላስቲክ እዚያው ይከርማል።

ስለዚህ ፊላው ውስጥ አትግቡ። በጠርዙ እየሄዳችሁ ፌስታሉንና ሃይላንዱን በቀርከሃው ሳቡት። ጎጆ ካያችሁ ቦታውን እለፉት፤ ጫጩቶቹ በረው ሲወጡ ትመለሳላችሁ። የተጣለ መረብ ወይም ክር ስታገኙ አትጎትቱ። የፊላው ሥር ላይ ተጠምጥሞ ይሆናል፤ ጫፉ ላይም መንጠቆ ሊኖር ይችላል። በመቀስ ቆራርጣችሁ ጆንያው ውስጥ ክተቱት። ቁራጭም አትተዉ፤ የወፍ እግር ላይ የሚጠመጠመው እሱ ነው።

ዛፎቹ ላይ ላሉት ጉሬዛዎች ዳቦ አትስጡ። ሆዳቸው የተሠራው ቅጠል አብላልቶ ለመፍጨት ነው። ልጆች እንስጥ ብለው ያስቸግራሉ፣ አውቃለሁ፤ የኔም ልጅ አልቅሳለች። ቁጭ ብለን ጉሬዛው ቅጠል ሲቀጥፍ አሳየኋት። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፉን በአራት ጣቱ ስቦ ነው የሚበላው። እሱን ስታይ ዳቦውን ረሳችው።

ችግኝ የምትተክሉ ከሆነ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠነክር ይሁን። ሾላ፣ ዋርካ፣ ዋንዛ ምረጡ። ባህር ዛፍ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ደግሞ አደራ፣ ከነላስቲኩ እንዳትተክሉ! የደረቁ ችግኞችን ነቅዬ ሳይ ብዙዎቹ ከነላስቲካቸው ነበሩ፤ ሥራቸው እዚያው ተጠቅልሎ ታፍኗል። ላስቲኩን ከጎኑ በምላጭ ቅደዱት። አፈሩ እንዳይበተን ችግኙን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ችግኙንና ላስቲኩን ቁጠሩ፤ እኩል ካልሆነ አንዱ መሬት ውስጥ ቀርቷል።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ጀሪካን ይዛችሁ ተመለሱ።