የድሮውን መሬት ከአዛውንቶች አፍ እንዴት እንቅረጽ?

"አካባቢው እንዴት ተለወጠ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ኧረ ድሮማ ሁሉም ጫካ ነበር ልጄ" ይሏችኋል፣ አለቀ። ይልቅ ሥራቸውን ጠይቁ። ልጅ ሳሉ ከብት የት ያግዱ ነበር? ወንዙን በክረምት በየት ይሻገሩ ነበር? የትኛው ምንጭ በጋውን ሙሉ አይደርቅም ነበር? ብዙ ሰው አባባን ብቻ ቀርጾ ይሄዳል፤ የምንጩንና የማገዶውን ነገር ግን አብልጠው የሚያውቁት እንስራ ተሸክመው የተመላለሱት እማማ ናቸው።

ዓመት በቁጥር አትጠብቁ። "ዋንዛው መቼ ተቆረጠ?" ስትሉ "ቆየ" ነው መልሱ። "መሬት ላራሹ ሲታወጅ ነበር? በ77ቱ ድርቅስ?" ብላችሁ አስጠጉት። አማራ ክልል ገጠር ከሆነ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ደህና ምልክት ነው፤ የወል ግጦሹ የታረሰው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ ብዙዎቹ አይረሱትም።

ጉልበታቸው ከፈቀደ አብራችሁ ውጡ። ቤት ቁጭ ብለው ያልመጣላቸው ነገር ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ሲቆሙ ይመጣል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ "እዚያ ማዶ፣ ከዚያች በታች" እያሉ በእጃቸው ነው የሚያሳዩት፣ ቅጂው ደግሞ እጅ አያሳይም፣ ስለዚህ በቆማችሁበት ሁሉ የቦታውን ስም እናንተው ጮክ ብላችሁ ተናገሩና ፎቶም አንሱ።

ስለ መሬት የሚጠይቅ ሰው ያስጠረጥራል። ግብር ሊጨመር ነው፣ ድንበር ሊነካ ነው ይባላል። ለምን እንደምትቀርጹና ማን እንደሚሰማው ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። ወሬው "ያ ማሳ የእገሌ ነበር፣ ገፍቶ ነው የያዘው" ወደሚለው ከዞረ ቅጂውን አቁሙት። ነገ ፍርድ ቤት የሚያቆም ነገር እጃችሁ ላይ ምን ይሠራል?

ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ቡና እየተወቀጠ ደግሞ በጭራሽ አትቅረጹ፣ ሙቀጫው ሁሉንም ይውጠዋል።

ቤት ስትገቡ የሰማችሁትን ከጎግል ኧርዝ ታይምላፕስ (መሬቱ ከዓመት ዓመት ሲለወጥ በሳተላይት ምስል ከሚያሳየው) ጋር አስተያዩ፤ ምስሎቹ ከ1984 እ.ኤ.አ. ይጀምራሉ። ደኑ ሲሳሳ፣ ባሕር ዛፉ ሲስፋፋ ሊታይ ይችላል፣ ትንሿ ምንጭ ግን አትታይም። ካልተስማሙ አዛውንቱን አታርሙ፤ ሁለቱንም ጻፉና ተመልሳችሁ ጠይቁ። ፋይሉን በቦታውና በቀኑ ሰይሙት፣ አንድ ቅጂም በሚሞሪ ካርድ ለቤተሰቡ ስጡ።